የቡሊት ጨፌና የመሃል ከተማው አዳራሽ

አንድ ጊዜ በአንድ ወንዝ ዳር ቡሊት የምትባል አህያ ከአንዲት ልጇ ጋር ትኖር ነበር። ይህች ቡሊት እስከ ዛሬ መልስ ያላገኘችለት ጥያቄ አላት። ሣር ስትግጥ ትጠይቀዋለች፤ ውኃ ስትጠጣ ትጠይቀዋለች፤ ጭነት ተሸክማ ዳገት ስትወጣም ትጠይቀዋለች። «ለልጄ ብዬ ያደረግሁትን ነገር፣ ልጄ ላይ ነው እንዴ ያደረግሁት?» ትላለች። የሚመልስላት የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው።

በዚያ አገር ሦስት መንደሮች ነበሩ። ከታች ወንዙ ዳር አህዮች ይኖራሉ። ከላይ ገደሉ አፋፍ ላይ ፍየሎች ይኖራሉ። ዝንጀሮዎች ደግሞ መሃል ከተማ፣ ትልቁ ዋርካ ላይ ናቸው። ንጉሡ አያ አንበሶ ችሎት የሚቀመጠውም፣ ገበያው የሚቆመውም እዚያው መሃል ከተማ ነው።

እያንዳንዱ መንደር የራሱ ቡድንና የራሱ ሜዳ ነበረው። አህዮቹ ጋ የተሄደ እንደሆነ በሰፊው ጨፌ ላይ ሩጫ ነው። ፍየሎቹ ጋ የተሄደ እንደሆነ ከቋጥኝ ቋጥኝ ዝላይ ነው። ዝንጀሮዎቹ ጋ ደግሞ በዱላ ኳስ እየመቱ ገና ይጫወታሉ። በየተራ ይጠራራሉ። አህዮቹ ዝላይ ላይ ሲወጡ አገር ይስቃል። ፍየሎቹም ሩጫ ላይ መሃል መንገድ ቁጥቋጦ ካዩ ሩጫውን ትተው ቅጠል ይቀነጥባሉ። ማንም በማንም አይቀየምም።

አንድ ደንብ ነበራቸው፤ ያሸነፈ ቡድን የተሸነፈውን እስከ መንገዱ እኩሌታ ይሸኛል። እየተቀላለዱ፣ እየተሰዳደቡ፣ ሰብሰብ ብለው ይሄዳሉ። አያ ጅቦ ኮረብታው ላይ ቁጭ ብሎ ያያቸውና ምራቁን ይውጣል። ከመሃላቸው አንዱ እንኳ ወደ ኋላ አይቀርለትም።

ሌላም ደንብ ነበር። በየሜዳው ዳር አንድ አንድ የዳኛ ድንጋይ ተቀምጧል። የመንደሩ ሽማግሌ እዚያ ላይ ቁጭ ብሎ ይፈርዳል። የዳኛ ድንጋይ ያለበት ሜዳ የመንደሩ ነው። የዳኛ ድንጋይ የሌለበት ሜዳ ግን ቀድሞ የተኛበት ነው። ይህ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ሕግ ነው፤ ሦስቱም መንደሮች ያውቁታል። ብቻ ድንጋዩን የሚያነሳ አንድ ቀን ይመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

የቡሊት ልጅ ስሟ ሽውታ ነው። ሦስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት ነበር። ከመንደሩ አሥራ አንድ ውርንጭሎች የሚቀድማት የለም። ስትሮጥ ጆሮዎቿን ወደ ኋላ ትለጥፍና የሆነ ነገር ከኋላዋ እንደሚጠራት ትሆናለች። ቡሊት ከጨፌው ዳር ቆማ ስታያት ደስታም ፍርሃትም አንድ ላይ ይይዛታል።

አንድ ክረምት ዝናቡ በረታ። ጨፌው ጭቃ ሆነ። ሽውታ ግን አትተውም፤ ጠዋት ጠዋት ወጥታ ትሮጣለች። አንድ ቀን ጥግ ላይ ስትዞር አዳለጣት። ወደቀች።

«እማ! ጉልበቴን!»

ቡሊት እንዴት እንደደረሰች አታውቀውም። ጉልበቷ አብጧል። ላሰችላት፣ አሸችላት፣ ደግፋ ወደ ቤት ወሰደቻት። ሽውታ ለአንድ ወር አነከሰች። ከዚያ ወዲህ ቡሊት ደመና ባየች ቁጥር ሽውታን ወደ ቤት ትጠራለች። ሌሎቹ እናቶች «ልጅ ይወድቃል፣ ይነሳል፤ ምን ይደረጋል» ቢሏትም አልገባላትም።

ይህን ወሬ አቶ ቀበሮ ሰማ። ሰምቶም አልቀረ፤ ከከተማ ድረስ በእግሩ መጣ።

«እንዴት ከረምሽ እመት ቡሊት?»

«እግዜር ይመስገን። ምን እግር ጣለዎት አቶ ቀበሮ?»

«የልጅሽን ነገር ሰምቼ አላስችል አለኝ። እኔም አባት ነኝ እኮ።» ወደ ሽውታ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን አየና ከንፈሩን መጠጠ። «ወይኔ ልጄን! እስቲ አሁን በዚህ ዘመን ልጅ ጭቃ ላይ ይሮጣል?»

«ምን እናድርግ፣ ያለን እሱ ነው።»

«ነበር በይ፤ ነበር! በመሃል ከተማ አዳራሽ ልንሠራ ነው። ሁለገብ አዳራሽ። ሩጫውም፣ ዝላዩም፣ ገናውም በአንድ ጣሪያ ሥር። ዝናብ አይገባ፣ ጭቃ የለ፣ ወለሉ እንደ ደረቅ ድንጋይ። የሦስቱም መንደር ቡድን እዚያ ይለማመዳል፣ እዚያ ይወዳደራል። ነገ ነገሩ በጉባኤ ይቀርባል። አንቺ አስቢበት። እኔ ግን እናት ብሆን ሁለቴ አላስብም ነበር።»

ሽውታ አንገቷን ቀና አደረገች። «እማ፣ ጣሪያ ካለው ሰማይ አይታይም ማለት ነው?»

አቶ ቀበሮ ሳቀ። «ሰማዩን ምን ታደርጊዋለሽ የኔ ቆንጆ? ስትሮጪ የምታዪው መንገድሽን አይደል!»

ቡሊት የሰማዩን ወሬ ልብ አላለችውም። ሐሳቧ ሁሉ «ጭቃ የለ» ያላት ላይ ቀርቶ ነበር።

በማግስቱ ሁሉም ከዋርካው ሥር ተሰበሰበ። አያ አንበሶ ከፍ ያለ ቋጥኝ ላይ ጋደም ብሏል። አቶ ቀበሮ ተነስቶ ስለ አዳራሹ አወራ። አፉ እንደ ማር ነው። ሲጨርስ መጀመሪያ የተናገረው አያ ጅቦ ነበር።

«ይሄ ሁለገብ ያልከው፣ የሚበላ ነው?»

«የሚበላ አይደለም አያ ጅቦ፤ ቤት ነው።»

«ቤቱ ውስጥ የሚበላ አለ?»

«ቁጭ በል!» አለ አያ አንበሶ፤ ጉባኤው ሁሉ ሳቀ። አያ ጅቦም ለምን እንደተሳቀ ሳይገባው አብሮ ሳቀ።

ከዚያ የፍየሎቹ ዳኛ አባ ጢሞ ተነሱ። ጢማቸው መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው።

«እኔ ሦስት ጥያቄ አለኝ» አሉ። «አንደኛ፣ አዳራሹ አንድ ነው፣ እኛ ሦስት ነን፤ ተራው እንዴት ነው የሚደርሰን? ሁለተኛ፣ ከወንዙ እስከ እዚህ ሁለት ኮረብታ ነው፤ ውርንጭላ ያን ሁሉ ተጉዞ መጥቶ በምን አቅሙ ነው የሚሮጠው? ሦስተኛ፣ ፍየል ገደል ከሌለው ምን ላይ ሊዘል ነው? ሣጥን ላይ?»

«ሣጥን እናስቀምጣለን አባቴ!» አለ አቶ ቀበሮ። «ተራውን ደግሞ እኔ ራሴ በር ላይ ቆሜ አስይዛለሁ። መንገዱንም ቢሆን፣ ሯጭ መንገድ ይፈራል እንዴ? ማሟሟቂያ ይሆናቸዋል።»

ድምፅ ተሰጠ። ፍየሎቹ አንድ ላይ እንቢ አሉ። ዝንጀሮዎቹ አንድ ላይ እሺ አሉ፤ ለምን አይሉ፣ አዳራሹ የሚሠራው እዚያው እነሱ ሜዳ ላይ፣ ከዋርካቸው ሥር ነው። የቀሩት አህዮች ናቸው። አሥራ አንድ ቤት አህያ አለ። አምስቱ ሰኮናቸውን አነሱ። አምስቱ አላነሱም። ሁሉም ዞሮ ቡሊትን አየ።

ቡሊት ልጇን አየች። ሽውታ ያበጠ እግሯን ከፍ አድርጋ በሦስት እግሯ ቆማለች።

ቡሊት ሰኮናዋን አነሳች።

ዝንጀሮዎቹ ጮኹ፣ ጨፈሩ። አባ ጢሞ በአጠገቧ ሲያልፉ ቆም አሉና «ለምን እንዳነሳሽው ገብቶኛል ልጄ» አሏት። ሌላ ምንም አላሉም። ፍየሎቻቸውን ይዘው ወደ ገደላቸው ወጡ።

ፍየሎቹ ከሄዱ በኋላ ነው አቶ ቀበሮ እንደገና የተነሳው።

«አንድ ትንሽ ነገር ረስቼ። አዳራሹ የሁላችንም እንዲሆን ለመሠረቱ ከየመንደሩ የዳኛው ድንጋይ ይምጣ። ማን ይሸከምልናል?»

አህዮች ጭነት ሲባል የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም «ይከብዳል ወይ?» ነው።

«ይከብዳል ወይ?» አሉ።

«በጣም ይከብዳል። ከእናንተ በቀር የሚችለው የለም።»

በቃ፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ? ደረታቸውን ነፍተው ሄዱ። የዝንጀሮዎቹን ድንጋይ አመጡ። ወደ ገደሉ ወጡ፤ ፍየሎቹ ቅጠል ፍለጋ ርቀው ነበርና ያያቸው የለም፤ የፍየሎቹ ድንጋይ ግን ከገደሉ ጋር አንድ ሆኖ የበቀለ ነውና አልነቀል አለ። ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። የራሳቸውን ለመጨረሻ አቆዩት። እሱን በየተራ በጀርባቸው ሲያጓጉዙት ቡሊት ረጅሙን ዳገት እኔ ልውጣው ብላ ተሸከመችው። ሽውታ እያነከሰች ከጎኗ ትሄዳለች።

«እማ፣ ዳኛው እንግዲህ ጨፌው ላይ ምን ላይ ይቀመጣል?»

«አዳራሹ ውስጥ ወንበር አለ ብለዋል።»

«ጨፌውስ?»

«ጨፌውማ የት ይሄዳል፤ ሂጂ ባክሽ፣ ወሬ አታብዢብኝ፣ ከብዶኛል።»

አዳራሹ ተሠርቶ የተከፈተ ዕለት ደስ ይል ነበር፤ ይህ አይካድም። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ጣሪያው ላይ እንደ ከበሮ ይመታል። ውስጥ ግን ጠብታ የለም። አገሩ ሁሉ መጥቷል። የሽውታ ጉልበትም ድኖ ነበር። ስትሮጥ አላዳለጣትም። አንድ ጊዜ እንኳ! ጩኸቱ ከግድግዳ ግድግዳ ሲመላለስ ሺህ አህያ የሚያናፋ ይመስላል። ቡሊት ዕንባዋ መጣ። «ይኸው! ደግ አደረግሁ» አለች በልቧ። ያቺን ቀን ስታስታውስ ነው አሁንም ነገሩ የሚደናገራት፤ ያ ደስታ ውሸት አልነበረማ።

የሚቀጥለው ሳምንት አህዮቹ ሁለቱን ኮረብታ ተሻግረው ለልምምድ መጡ። አቶ ቀበሮ በር ላይ ቆሟል።

«ዛሬ አይሆንም። የአያ አንበሶ ልጅ ሠርግ ነው።»

ተመለሱ። በሌላው ሳምንት መጡ።

«ዛሬ የጅቦች ዕድር ዓመታዊ ስብሰባ አለ።»

«ዕድር?» አለች ቡሊት። «አዳራሹ የጨዋታ አይደለም እንዴ?»

«ሁለገብ ነው ያልኳችሁ እኮ እመት ቡሊት። ሁለገብ ማለት ይሄ ነው።»

በሦስተኛው ሳምንት ከሩቅ አገር የመጡ ነብሮች ትርኢት ያሳያሉ ተባሉ። በአራተኛው ተራ ደረሳቸው፤ እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐዩ አናት ሲበሳ። ውርንጭሎቹ ሁለት ኮረብታ ወጥተው ወርደው ሲገቡ ምላሳቸው ተንጠልጥሏል። ገብተውስ? ወለሉ ላይ የዝላይ ሣጥን ተደርድሯል፣ የገና ምሰሶ ተተክሏል። ያን ሲያነሱ ግማሹ ጊዜ አለቀ። የቀረችው ቦታ ደግሞ አጭር ናት። ሽውታ ተነስታ ገና ፍጥነቷ ሳይመጣ ግድግዳው ይመጣል። ጨፌው ላይ ስትሮጥ የምትለጥፋቸው ጆሮዎች እዚያ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«እማ፣ ሩጫ አይመስለኝም» አለች። «መቆም ነው የምለማመደው።»

የሚያያቸውም ጠፋ። ድሮ ጨፌው ላይ ሲሮጡ አሮጊት አህዮች ከየበራቸው ሆነው ያዩ ነበር። «ቀኝሽን ያዢ!» «አትዙሪ!» ይላሉ። ጉንፋን የያዘውም፣ ያረጀውም፣ ያረገዘችውም ያያል። ሁለት ኮረብታ ተሻግሮ ግን ማን ይመጣል? ሽኝቱም ቀረ። አንዱ ቡድን ሲወጣ ሌላው ሲገባ በበር ላይ ይተላለፋሉ እንጂ ማን ማንን ይሸኛል? አህዮቹ ብቻቸውን፣ ፈራ ተባ እያሉ፣ የአያ ጅቦን ኮረብታ ቀና ብለው እያዩ ይመለሳሉ። በዚህ ፍርሃት ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን አስቀሩ። አሥራ አንድ የነበሩት ሰባት ሆኑ። ሰባት የነበሩት አራት ሆኑ።

ዝንጀሮዎቹ ግን አማረባቸው። አዳራሹ ደጃቸው ነው። ነብሮቹ ሲወጡ፣ ሠርገኛው ሲበተን፣ ከዋርካው ዱብ ብለው ይገቡና ይጫወታሉ። የቡድናቸው አለቃ ጋሜ «እንደ ዘንድሮ ቡድን ኖሮን አያውቅም» ይላል፤ እውነቱን ነው። ፍየሎቹም አንድ ቀን መጥተው ሣጥኑን ካሸተቱ በኋላ ወደ ገደላቸው ተመልሰው እንደ ድሯቸው ይዘላሉ። የከሰሩት አህዮች ብቻ ናቸው።

አንድ ቀን ሽውታ «እማ» አለች፣ «ጨፌው ይሻለኛል። ጭቃውም ይሁን፣ ብወድቅም ልውደቅ።»

ቡሊት ያበጠውን ጉልበት አስታወሰች፤ ግን ልጇ አንድ ነገር ከጠየቀቻት ብዙ ጊዜ ሆኗት ነበር። «እሺ» አለቻት። «ነገ ጠዋት እንሄዳለን።»

ዓመት ሙሉ ማንም ወደ ጨፌው ዘልቆ አልሮጠም ነበር፤ ያልተረገጠው ሣር አድጎም ጨፌውን ከመንደሩ ሰውሮት ነበር። ውርንጭሎቹን ይዘው እናቶቹ ሁሉ አብረው ወጡ። ሲደርሱ በጨፌው ዙሪያ እሾህ ታጥሯል። መሃሉ ተቆፍሮ ጉድጓድ በጉድጓድ ሆኗል። ከሁሉ መሃል አያ ጅቦ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ተኝቷል። ከሠርግ የተረፈ አጥንት ዙሪያውን ተበትኗል። በጣም ከመጥገቡ የተነሳ አህያ አይቶ እንኳ አልተነሳም።

«አያ ጅቦ!» አለች ቡሊት ከእሾኹ ውጭ ሆና። «ምን ትሠራለህ ጨፌያችን ላይ?»

«ጨፌያችን?» አለ አንድ ዓይኑን ገልጦ። «ድንጋያችሁ የታለ?»

ሁሉም ጨፌው ዳር ያለውን ቦታ አዩ። ድንጋዩ የነበረበት ጎድጓዳ ላይ ሣር በቅሏል።

«ድንጋዩን... ለአዳራሹ መሠረት ሰጠነው።»

«እህ! ድንጋይ የሌለበት ሜዳ የተኛበት ነው። እኔ ተኛሁ። እኔ ሕጉን አላውቀውም ነበር፤ ቀበሮ ነው የነገረኝ። ‹አህዮቹ ድንጋዩን በራሳቸው ጀርባ ተሸክመው ይወስዱልሃል፣ አንተ ብቻ ተኛ› አለኝ። ተሸክመውማ አይወስዱም ብዬ ስቄበት ነበር።» አያ ጅቦ እንደገና ሳቀ። «አንቺ ነሽ አይደል ዳገቱን የወጣሽው? ከኮረብታው ላይ ሆኜ አይቼሻለሁ። ጎበዝ ነሽ!»



«ሣር አትበላም» አለች ሽውታ። «ጨፌው ምን ያደርግልሃል?»

አያ ጅቦ አሰበ። ሲያስብ ፊቱ ይጨማደዳል። «ምንም አያደርግልኝም። እንዲያውም ድሮ ይሻል ነበር። ድሮ ጨዋታ ሲኖር ኮረብታው ላይ ቁጭ ብዬ አንዷ ብትዘገይ ብዬ እጠብቅ ነበር። አሁን እዚህ ማንም አይመጣም። ግን የኔ ነው! የኔ የሆነ ነገር ኖሮኝ አያውቅም።»

አህዮቹ ወደ አያ አንበሶ ችሎት ሄዱ። ቡሊት ነገሩን አስረዳች። አያ አንበሶ ሰምቶ ሲጨርስ ጠየቃት።

«ድንጋዩን ማን አነሳው?»

«እኛ ነን ጌታዬ።»

«ማን አስገደዳችሁ?»

«ማንም አላስገደደንም።»

«ድምፁንስ የሰጠ ማን ነው?»

ቡሊት አንገቷን ደፋች።

«አሁን ድንጋዩ ይውጣ ብል አዳራሹ ይፈርሳል» አለ አያ አንበሶ። «ዝንጀሮዎቹ ምን በደሉ? የልጄ ልጅ ክርስትናስ የት ይደገሳል? ፍርዴ እንደ ሕጉ ነው፤ ጨፌው የተኛበት ነው።» አቶ ቀበሮ ከበሩ ላይ ሆኖ አንገቱን በአዎንታ ነቀነቀ። ጨፌው ከተዘጋ ወዲያ የቀራቸው የእሱ በር ብቻ ነው፤ ማን እንደሚገባ፣ ማን እንደማይገባ የሚወስነውም እሱ ነው። እሱን ሳይለማመጥ አዳራሹ የሚገባ የለም።

ቡሊት ወደ ቤቷ አልተመለሰችም። ገደሉን ወጥታ አባ ጢሞ ጋ ሄደች።

«አባ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

አባ ጢሞ ማመንዠካቸውን አቆሙ። «ልጅሽ ወድቃብሽ ነበር። ልጇ የወደቀባት እናት ቤት ሄዶ ጣሪያ ያሳያት እሱ ነው ጥፋተኛው።»

«ዳገቱን ግን እኔ ነኝ የወጣሁት።»

«አዎ» አሉ፤ ሊዋሿት አልፈለጉም። «ያን ቀን ተናድጄ ባልሄድ ኖሮ እኔም ድንጋዩ ሲጠየቅ እሰማ ነበር። አንቺም ዳገቱን ከመውጣትሽ በፊት አንድ አፍታ እኔን ፈልገሽ ‹አባ፣ ይሄን ድንጋይ ልውሰደው ወይ?› ብትይኝ...» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። ሁለቱም ቁልቁል ጨፌውን አዩት። ከዚያ ከላይ ሲታይ የአያ ጅቦ ጉድጓዶች እንደ ኩፍኝ ይመስላሉ።

ሲመሽ ቡሊት ወረደች። ሽውታ በር ላይ ቆማ ትጠብቃታለች። ጉልበቷን እጥፍ ዘርጋ፣ እጥፍ ዘርጋ እያደረገች ነበር።

«እማ፣ እዪው። ምንም አይለኝም። ፈጽሞ ድኗል።»

«እሰይ የኔ ልጅ።»

«አዎ» አለች ሽውታ። ወደ ጨፌው ዞረችና «የት ልሩጥበት?» አለች።

ቡሊት ልጇን አቅፋ ቆመች። አህያ አራት ዓመት ከሞላት ጭነት ይመጣባታል፤ ከዚያ በኋላ ሩጫ የሚባል ነገር የለም። ሽውታ አራት ሊሞላት የቀራት አንድ ክረምት ብቻ ነው።

አሁን ሁለት መንገድ አላት። የዝንጀሮዎቹ አለቃ ጋሜ መልካም ልብ አለው፤ «ኑ ዋርካው ሥር ኑሩ» ብሏታል። «አዳራሹ አጠገባችሁ ይሆናል። እኛ ተጫውተን ስናበቃ ልጅሽ ትሮጣለች፤ አጭርም ቢሆን ደረቅ ነው፤ ከቀበሮም ጋር እኔ አስታርቅሻለሁ።» ግን ወንዙን፣ መንደሩን፣ ከበር ሆነው «ቀኝሽን ያዢ!» የሚሉትን አሮጊቶች ትታ መሄዷ ነው። አባ ጢሞ ደግሞ ከገደሉ ሥር ያለችውን ቀጭን መሬት አሳይተዋታል። ጠጠር ናት፣ ጠባብ ናት፤ ዝናብ ሲመጣ ከጨፌው የባሰ ታዳልጣለች። «ድንጋይ ይተከልባት፣ ዳኛ እሆናለሁ፣ የእናንተ ትሁን» ብለዋል። የቀሩት ሦስት ውርንጭሎች እናቶች «አንቺ ከጀመርሽ እኛም እንመጣለን» ይሏታል። እንዲህ ሲሏት ደስ አይላትም፤ ይበልጥ ትፈራለች። አንድ ጊዜ ሁሉም እሷን አይቶ ሰኮናዋን አንስታለችና።

ትናንት በምሥራቅ በኩል ደመና ታይቷል።

ከዚህ የምንማረው አዲስ ነገር ይሠራላችኋል ሲሉን እሰየው ከማለታችን በፊት በምትኩ ከደጃችን የሚነሳው ምን እንደሆነና ለማን እንደሚቀር ደፍረን መጠየቅ እንደሚገባን ነው፤ ለቡሊት ግን ትምህርቱ የደረሳት ዘግይቶ ነውና፣ ልጅ ያሳደጋችሁ እናቶችና አባቶች እባካችሁ ምከሯት፤ ክረምቱ ሳይገባ ልጇን ይዛ ወደ ዋርካው ትሂድ፣ ወይስ ጠጠሩ ላይ እንደገና ትጀምር?